አቡነ ጴጥሮስ፦ ከሰማዕትነቱ በፊት እረኝነቱ

በየዓመቱ ሐምሌ 22 ሲደርስ ፌስቡካችን በአንድ ፎቶ ይሞላል፤ አዲስ አበባ ላይ የቆመው የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት። ከሥሩ ጀግና፣ ሰማዕት፣ የቁርጥ ቀን አባት የሚሉ ቃላት ይጻፋሉ። በማግስቱ ሌላ ወሬ ይመጣና ፎቶው ወደ ታች ይወርዳል። እኔም ስንት ዓመት አጋርቼዋለሁ፤ ማንንም ለመውቀስ አይደለም።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ስለ አሟሟታቸው ሁላችንም እናወራለን፤ ስለ ሥራቸው ግን ብዙም አይነሳም። አቡነ ጴጥሮስ ወታደር አልነበሩም፣ ባለሥልጣንም አልነበሩም። ጳጳስ ነበሩ። ለዚያውም ኢትዮጵያ 1600 ዓመት ገደማ ጠብቃ ካገኘቻቸው የመጀመሪያዎቹ አራት የራሷ ጳጳሳት አንዱ። ይህን ካላወቅን ለምን እንደሞቱ የምናውቀው ግማሹን ብቻ ነው።

ታሪኩን ለመረዳት ደግሞ ከሩቅ መነሳት አያስፈልገንም። ከእኛው ከዋግ እንነሳ።

በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ካለፉ በኋላ የዋጉ ሰው፣ ዋግሹም ጎበዜ፣ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ጦር ነበራቸው፣ የዘር ሐረጋቸውም ከዛጉዌ ነገሥታት ይመዘዝ ነበር። አንድ ነገር ግን ጎደላቸው፤ አቡን። ግብጻዊው አቡነ ሰላማ በዚያው ዓመት መጀመሪያ መቅደላ ላይ እንደታሰሩ አርፈው ነበር። ስለዚህ የዋጉ ንጉሥ ዘውድ ሲደፉ ቅብዐ መንግሥት የሚቀባ አቡን በአገሩ አልነበረም። የባለቤታቸው ወንድም ደጃዝማች ካሳ ምርጫ ግን ከትግራይ ሆነው ወደ ግብጽ ገንዘብ ላኩና በ1861 አቡነ አትናቴዎስን አስመጡ። ሁለቱ ሐምሌ 1863 አድዋ አጠገብ አሳም ላይ ገጠሙ፤ ተክለ ጊዮርጊስ ተሸንፈው ተማረኩ። ያሸነፋቸው በዋናነት የካሳ መሣሪያ ነው፤ ይህ መካድ የለበትም። ሆኖም ጥር 1864 ካሳ አክሱም ላይ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ተብለው ሲነግሡ ቅባቱን የቀቧቸው እነዚያው አቡን ነበሩ። አቡን ያለው ንጉሥና አቡን የሌለው ንጉሥ እኩል አልነበሩም።

ንጉሡ እንዲህ ከሆነ ተራው ሰው እንዴት ነበር?

አቡን ማለት በዚያ ዘመን ለጌጥ የሚቀመጥ ሰው አይደለም። ዲያቆን የሚሾመው፣ ቄስ የሚሾመው፣ ታቦት የሚባርከው እሱ ብቻ ነው። አቡን ከሌለ አዲስ ቄስ የለም፤ አዲስ ቄስ ከሌለ ያረጀው ቄስ ሲሞት ቅዳሴ ይታጎላል፣ ልጅ የሚያጠምቅ፣ ሬሳ የሚፈታ ይጠፋል። ለመላው አገር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የነበረው አንድ አቡን ነው። እሱም ከግብጽ የሚላክ፣ አረብኛ ተናጋሪ፣ ከሕዝቡ ጋር በአስተርጓሚ የሚግባባ ሰው። አንዱ አቡን ሲሞት ሌላ እስኪመጣ ዓመታት የሚያልፉበት ጊዜ ብዙ ነበር።

እስቲ አንድ የዋግ ልጅ አስቡ። ዳዊቱን ደግሟል፣ ለድቁና ደርሷል። ተከዜን ተሻግሮ፣ የሰሜንን ተራራ አልፎ፣ አቡኑ ወዳለበት ወደ ጎንደር የብዙ ቀን መንገድ በእግሩ ይሄዳል። ሰቆጣ የታወቀች የአሞሌ ገበያ ነበረችና ለመማለጃ አሞሌ አያጣ ይሆናል። ጎንደር ሲደርስ ግን ከየአገሩ የመጣ ብዙ ሰው ቆሞ ይጠብቃል። አቡኑ ስሙን አይጠይቀው፣ ትምህርቱን አይመዝነው፤ በጅምላ ይባርከውና ይመለሳል። ውቅር መስቀለ ክርስቶስን ከአለት የፈለፈለ አገር፣ አንድ ዲያቆን ለመሾም የሚችል የራሱ ሰው አልነበረውም።

ይህ እንዲሁ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ለኒቅያ ጉባኤ የተሰጠ፣ በኋላ ግን የተጨመረ አንድ ቀኖና ነበር፤ ኢትዮጵያውያን ከመካከላቸው ሊቀ ጳጳስ እንዳይሾሙ የሚከለክል። ፍትሐ ነገሥት ውስጥም ገባ። ነገሥታቱ እየቆዩ ተጨማሪ ጳጳስ ይለምኑ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ ተሳክቶላቸው በ1874 አራት ጳጳሳት አስመጡ፤ አራቱም ግን ግብጻውያን ነበሩ።

እንግዲህ ኃይለ ማርያም የሚባል ልጅ ሰላሌ ውስጥ ፍቼ አካባቢ የተወለደው ይህ ሥርዓት ባለበት፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። የገበሬ አገር ልጅ ነው። እንደ ዘመኑ ተማሪ ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ዜማና ቅኔ ወደሚማርበት መንገድ ገባ። የአብነት ትምህርት ምን እንደሆነ ለዋግ ሰው አይነገርም፤ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ በየደጃፉ ስለ እመቤቴ ማርያም እያለ ቁራሽ ለምኖ የሚማር ተማሪን ሁላችንም እናውቃለን። ውሻ የነከሰው፣ ብርድ የመታው፣ ግን ቅኔውን የማይተው። እሳቸውም ከዚያ ነው የመጡት። ቤታቸው የነበረው ታላቁ ገዳም ደብረ ሊባኖስ ነው፤ ምንኩስናቸውም ከዚያው ነው።

ሊቅ ሲሆኑ ግን አንድ ቦታ ተቀምጠው አልቀሩም። ወደ ደቡብ ወርደው ወላይታ ውስጥ አስተማሩ፣ በኋላም በዝዋይ ሐይቅ ደሴት ላይ ነበሩ። ይህ የሕይወታቸው ክፍል በየዓመቱ በሚለጠፉት ጽሑፎች ውስጥ በአንድ መስመር ይታለፋል፤ ለእኔ ግን ትልቅ ነገር ነው። ወላይታ በምኒልክ ዘመን በከባድ ጦርነት ወደ ማዕከላዊው መንግሥት የገባ አገር ነው። ቤተ ክርስቲያንም እዚያ የገባችው ከጦሩ ኋላ ተከትላ ነው። ሕዝቡ የራሱ ቋንቋ አለው፤ ካህኑ ከሰሜን መጥቶ በግእዝ ይቀድሳል፣ በአማርኛ ይሰብካል። እንዲህ ባለ ቦታ ማስተማር ደብረ ሊባኖስ ከማስተማር ጋር አንድ አይደለም። እዚህ ሕዝቡ አባትህን ያውቃል፣ እዚያ ግን መጀመሪያ የሚያየው ካባህንና ከኋላህ ያለውን ጠመንጃ ነው። መምህሩ በትዕግሥት ካልሆነ በምንም አይታመንም።

ከዚያ ወደ አዲስ አበባ መጡ። በከተማውም በመምህርነታቸው ታወቁ።

በ1919 ግብጻዊው ሊቀ ጳጳስ አቡነ ማቴዎስ አረፉ። በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ይህን አጋጣሚ አላሳለፉትም። ከእስክንድርያ መንበር ጋር ረጅም ክርክር ተደረገ። ኢትዮጵያውያኑ የራሳችን ሰዎች ይሾሙልን አሉ፤ ግብጻውያኑ ሥልጣናችን ከእጃችን ይወጣል ብለው ሰጉ። በመጨረሻ ስምምነት ተገኘ። ሊቀ ጳጳሱ እንደ ጥንቱ ግብጻዊ ይሆናል፤ ከሥሩ ግን ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት ይሾማሉ። እነሱም ቄስና ዲያቆን መሾም ይችላሉ፣ ሌላ ጳጳስ መሾም ግን አይችሉም። በሩ ተከፈተ፣ ቁልፉ ግን ካይሮ ቀረ ማለት ነው።

በ1921 ዓ.ም. አራት መነኮሳት ወደ ካይሮ ሄዱ። ሲመለሱ አቡነ አብርሃም፣ አቡነ ጴጥሮስ፣ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ይስሐቅ ሆነው ተመለሱ። ግብጻዊው አቡነ ቄርሎስም በሊቀ ጳጳስነት አብረዋቸው መጡ። ለአቡነ ጴጥሮስ የደረሳቸው የምሥራቅ ኢትዮጵያ ሀገረ ስብከት ሲሆን መቀመጫቸው ደሴ፣ ወሎ ነበር።

ወሎ ላይ መሾም ደግሞ ቀላል ሥራ አልነበረም። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቤት ውስጥ የሚኖሩበት፣ ሠርጉና ሐዘኑ የተቀላቀለ አገር ነው። ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት ደግሞ በዐፄ ዮሐንስ አዋጅ ብዙ ሰው በግድ ክርስትና እንዲነሳ የተደረገበት አገር ነው፤ ያ ቁስል ገና አልጠገገም። ለሕዝቡ ግን አንድ አዲስ ነገር ሆኖለት ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ጳጳሱን ያለ አስተርጓሚ ያናግር ነበር። ድቁና የሚፈልግ ልጅ ደሴ ደርሶ፣ እንደሱው ቁራሽ ለምኖ ከተማረ ሰው እጅ ይቀበላል። የሚናዘዝ ሰው ችግሩን በራሱ ቋንቋ ይናገራል፤ ሰሚው ገበሬ ምን ማለት እንደሆነ፣ ድርቅ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ይህ ሰላም የቆየው ለስድስት ዓመት ብቻ ነው።

በ1928 ጣሊያን ወረረ። ኅዳር 26 የሀገረ ስብከታቸው ከተማ ደሴ በአውሮፕላን ተደበደበች፤ ቦምቡ ሆስፒታሉንም አልማረም። አቡነ ጴጥሮስ ሠራዊቱን ተከትለው ወደ ሰሜን ግንባር ዘመቱ። መጋቢት 22 ማይጨው ላይ የሆነውን እናውቃለን፤ ማይጨው ከእኛ ሩቅ አይደለም፣ ከዚያ የተረፈው ወታደር የተበተነበትን መንገድ የዋግና የላስታ ሽማግሌዎች ከአባቶቻቸው ሰምተዋል። ቦምቡ ያልገደለውን የመርዝ ጋዙ ገደለው። ንጉሠ ነገሥቱ አገር ለቀው ወጡ፤ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ በጣሊያን እጅ ገባች።

አሁን እንግዲህ ምርጫው ለእያንዳንዱ ደረሰ። ሊቀ ጳጳሱ አቡነ ቄርሎስ አዲስ አበባ ቆይተው ከአዲሱ ገዢ ጋር መስማማትን መረጡ። አቡነ ጴጥሮስ ወደ ደብረ ሊባኖስ ተመለሱ፤ ከዚያም ሰላሌ ውስጥ ከነበሩት ከራስ ካሳ ልጆች፣ ከደጃዝማች አበራ ካሳና ከወንድማቸው ከአስፋ ወሰን ጋር ተገናኙ። አርበኞቹ ከየአቅጣጫው ተነስተው አዲስ አበባን በአንድ ቀን ለማጥቃት ተማከሩ። ጳጳሱም አብረው ወረዱ።

ሐምሌ 21 ነው። ክረምቱ ብሷል፣ ወንዝ ሞልቷል። አንዱ ወገን ሲደርስ ሌላው ዘገየ፤ የመልእክት መንገድ የለም። አርበኞቹ ከተማ ውስጥ ገብተው ተዋጉ፣ ግን መትረየስና አውሮፕላን ይዞ የሚጠብቅን ጦር መቋቋም አልቻሉም። ጥቃቱ ከሸፈ። አቡነ ጴጥሮስም በጣሊያኖች እጅ ወደቁ።

በማግስቱ ፍርድ ቤት የሚሉት ነገር ፊት አቆሟቸው። የተጠየቁት ቀላል ነበር። አርበኞቹን ሽፍታ ብለው ያውግዙ፣ ለጣሊያን መንግሥት እገዛለሁ ይበሉ፣ ሕዝቡም እንዲገዛ ይስበኩ። ከዚያ ነፃ ነዎት ነው ነገሩ። ሊቀ ጳጳሱ አቡነ ቄርሎስ እንኳ ተቀብለው የለም ወይ፣ እርስዎ ብቻዎን ምን ያደርግልዎታል ብለው ጠየቋቸው።

የመለሱት መልስ በብዙ ሰው አፍ ቆይቷል፣ እኔ ሐሳቡን ብቻ ልናገር። አቡነ ቄርሎስ ግብጻዊ ናቸው፣ ይህ አገር ያን ያህል ላያስጨንቃቸው ይችላል፤ እሳቸው ግን ኢትዮጵያዊ ናቸው፣ ለዚህ ሕዝብ በእግዚአብሔር ፊት የሚጠየቁ አባት ናቸው፤ ስለዚህ አይችሉም። የመልሳቸው ሐሳብ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ይህ መልስ ሊሰጥ የሚችለው ከ1921 በኋላ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት በኢትዮጵያ ምድር ላይ ጳጳስ ሆኖ፣ እኔ የዚህ ሕዝብ ልጅም አባትም ነኝና እጠየቅበታለሁ ብሎ መናገር የሚችል ሰው አልነበረም። የራሳችን ጳጳስ ይኑረን ብሎ የተለመነው ሁሉ፣ ዲያቆኑ የሄደበት መንገድ ሁሉ፣ በዚያች ቀን ዋጋው ታየ። ሰዎቹ የሚፈልጉት ፊርማና አንድ ስብከት ነበር። እሳቸው ደግሞ የሚሰብኩትን ነገር ሕዝቡ እንደሚያምናቸው ስለሚያውቁ ነው እምቢ ያሉት። የማያምነው ሰው ቢዋሽ የሚጎዳው ጥቂት ነው፤ የሚታመን ሰው ሲዋሽ ግን መንጋውን ይዞ ነው ገደል የሚገባው።

ሞት ተፈረደባቸው። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ሕዝቡ እያየ በጥይት ተገደሉ። ከመሞታቸው በፊት ሕዝቡን በመስቀላቸው እንደባረኩ፣ ለወራሪው የሚገዛውን ሁሉ እንዳወገዙ፣ ምድሪቱም እንዳትገዛ እንደገዘቱ ይተረካል። ጳጳስ ከሆኑ ገና ሰባት ዓመታቸው ነበር።

ከአራቱ የሌሎቹም መጨረሻ ይታወቅ። አቡነ ሚካኤል ጎሬ ላይ በዚያው በ1929 መጀመሪያ ወራት በጣሊያኖች ተገደሉ። አቡነ አብርሃም ለጣሊያን ተገዙ፤ ጣሊያኖቹም ከእስክንድርያ የተለየች ቤተ ክርስቲያን ብለው መሪ አደረጓቸው። አንድ ቀን አብረው የተሾሙ፣ አንድ ዓይነት ትምህርት የተማሩ አባቶች ናቸው። አቡነ አብርሃምን ለመፍረድ አልቸኩልም፤ ሽማግሌ ነበሩ፣ ፍርሃትም ሰው ያደርገዋል፣ ደም እንዳይፈስ ብለው ይሆናል የሚልም አለ። ግን የራስ ሰው መሾም ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ ታሪኩ ይነግረናል። ቋንቋችንን የሚናገር ጳጳስ ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ በመከራ ቀን የሚቆም ጳጳስ ማግኘት ሌላ ነገር።

የወራሪው ቂም በእሳቸው ሞት አላበቃም። የራስ ካሳ ልጆች እጃቸውን ሲሰጡ ፍቼ ላይ ተገደሉ። ግንቦት 1929 የግራዚያኒ ጦር ደብረ ሊባኖስን፣ የአቡነ ጴጥሮስን ቤት፣ በደም አጠበው። ጣሊያኖቹ ራሳቸው በቴሌግራም ያመኑት 297 መነኮሳትን ነው፤ በኋላ ያጠኑት ሰዎች ግን ቁጥሩን ከአንድ ሺህ በላይ ያደርሱታል። በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ የእኛው ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ዋግና ላስታን ይዘው ተነሱ። መስከረም 1930 ወደቁ፤ አንገታቸው ተቆርጦ ለሕዝብ መቀጣጫ ታየ። ይህን የሰቆጣ ልጅ ሁሉ ሰምቶ ነው የሚያድገው።

ነፃነት ከተመለሰ በኋላ ከእስክንድርያ ጋር የነበረው ድርድር ቀጠለ፤ ሐምሌ 1940 ስምምነት ተፈረመ። በ1943 አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ፣ በ1951 ደግሞ የመጀመሪያው ፓትርያርክ ሆኑ። ካይሮ የቀረው ቁልፍ በመጨረሻ መጣ። አዲስ አበባም ለአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት አቆመች፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት ብሎ ተውኔት ጻፈላቸው። በ2005 ሐውልቱ ለባቡር መስመር ሥራ ሲነሳ ስንቱ ሰው አደባባዩ ላይ እንዳለቀሰ አስታውሳለሁ፤ ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ በቴሌቪዥን ነው ያየሁት። በ2008 ወደ ቦታው ተመለሰ።

ለምን ይህን ሁሉ ጻፍኩ? ዕዳ ስላለብኝ ነው።

ጦርነቱ ሰቆጣ በደረሰ ጊዜ ከሸሹት አንዱ ነኝ። ያገኘሁትን በፌስታል ቋጥሬ በእግሬ ወጣሁ። የሰፈራችን ቄስ ግን አልወጡም። ልጆቻቸው ቢለምኗቸው፣ መንቀሳቀስ የማይችሉ ሽማግሌዎች አሉ፣ የሚሞተውን ማን ይቀብራል አሉ እንጂ አልተነቃነቁም። ስመለስ ከስተው፣ ጠቁረው አገኘኋቸው። ስንት ሰው እንደቀበሩ ጠየቅኳቸው፤ ስም በስም ነገሩኝ እንጂ ቁጥር አልነገሩኝም። የእኒህን አባት ፎቶ ማንም አያጋራም፤ እሳቸውም አይፈልጉም።

ያን ቀን ነው አቡነ ጴጥሮስ በደንብ የገቡኝ። ሐውልቱ ሲታይ ሰማዕትነት የአንድ ቀን ጀግንነት ይመስላል። ግን ሐምሌ 22 የተሠራው ከዚያ በፊት ነው፤ በአኮፋዳው፣ በወላይታ፣ በዝዋይ፣ ደሴ ላይ የሰው ኑዛዜ ሲሰሙ በዋሉባቸው ቀናት። መንጋውን በስም የሚያውቅ እረኛ ነው ጅብ ሲመጣ የማይሮጠው። እኛ የፍየልና የበግ አገር ሰዎች ነን፤ ይህን አስረዱን አንልም።

ዛሬ ጳጳስ ለማግኘት ተከዜን መሻገር የለብንም። ጥያቄው ግን አላበቃም። ገጠሩ ውስጥ ካህን አጥታ የምትዘጋ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ የአብነት ተማሪው እየቀነሰ ነው። በቤቷ ኽምጣና ብቻ የምትናገር እናት ስብከቱን በሙሉ ሳትሰማ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ ያ የድሮው አስተርጓሚ በሌላ መልኩ አሁንም አለ ማለት ነው። አባቶቻችን 1600 ዓመት የጠየቁት የራሳችን ሰው ይኑረን ብለው ነበር። የራሳችን ሰው ማለት ምን እንደሆነ ደግሞ አቡነ ጴጥሮስ በሰባት ዓመት አሳይተውናል።

የዘንድሮ ሐምሌ 22 ፎቶውን አጋሩት፤ እኔም አጋራለሁ። ከዚያ ግን በየሰፈራችሁ በክፉ ቀን ያልሸሹትን አባት ሄዳችሁ ጠይቋቸው። ጤናቸው እንዴት ነው? ክረምቱን የሚያልፉበት እህል አላቸው?

በረከታቸው ይደርብን። ቸር እንሰንብት።